የሩቅ ሰው ድርሻ

ቢንዶራ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2004

ለማከብርዎት አክስቴ ለሬሜዲዮስ፣

ይህች ወረቀት እጅዎ ስትገባ ጉልበትዎን የማያምዎት፣ ጣሪያውም የማያፈስበት፣ ልጄ አናሊን ከጎንዎ ተቀምጣ እየሳቀች የምታነብልዎት ቀን ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ድምፄን እሰማዋለሁ፤ የሌላ ሰው ይመስላል። ግን እውነት ነው፣ ደህና ነኝ።

ከአውሮፕላኑ ከወረድን በኋላ ዘጠኝ ሰዓት በአውቶቡስ ተጓዝን። መጀመሪያ ከተማው አለቀ፣ ከዚያ ዛፉ አለቀ፣ በመጨረሻ አጥር ብቻ ቀረ። ቢንዶራ አንድ መንገድ ናት። አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ በወር ሁለት እሑድ ብቻ የሚከፈት አንድ ቤተ ክርስቲያን። የአገሩ ወጣት ሁሉ ወደ ባሕር ዳር ከተሞች ስለሚሄድ እዚህ ሠራተኛ የለም። እኛ የመጣነው የሄዱት በተዉት ቦታ ላይ ልንቆም ነው።

ሰው ሲጠይቅዎት እንዲመልሱ የወረቀቱን ነገር ላስረዳዎት። ስፖንሰሬ ሚስተር ሃድሪክ ይባላል፤ የእርባታው ባለቤት ነው። የገባሁት በሱ ፊርማ ነው፣ የምኖረውም በሱ ፊርማ ነው። ለሌላ ሰው መሥራት አልችልም፤ ትልቁ ከተማ ሄጄ መኖርም አልችልም። አንድ ዓመት በደንብ ከሠራሁለት ለቋሚ መኖሪያ ስሜን ያቀርባል፤ ያን ጊዜ አናሊንን አመጣታለሁ። ፊርማውን ካነሣ ግን ሃያ ስምንት ቀን ነው። በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ ከአገር መውጣት። ቁጥሩን አውቶቡስ ላይ አንድ ሰው ነገረኝ፤ ከዚያ ወዲህ ደረጃ ስወጣም እርምጃዬን እስከ ሃያ ስምንት እቆጥራለሁ።

ሥራው አሳማ ነው። ይሳቁ እንጂ። ስድስት ሺህ አሳማ። ጠዋት አንድ በር ላይ ልብሳችንን እስከ ውስጥ ሱሪ አውልቀን እንተዋለን፣ ሻወር እንታጠባለን፣ በሌላው በር የእርባታውን ልብስ ለብሰን እንገባለን። ስንወጣም እንዲሁ። ሰዓት አይገባም፣ ቀለበት አይገባም። የማሪሴል ነፍስ ትማር፣ የጋብቻ ቀለበታችንን በየቀኑ በሩ አጠገብ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጬ እገባለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ከአሳማ የሆነ ምግብ ከውጭ ወደ እርባታው ቀርቶ ወደምንኖርበት ቤት እንኳ እንዳይገባ አስፈርመውናል። ቋሊማ ቢሆን፣ ደረቅ ሥጋ ቢሆን። በሽታ ይዞ ይመጣል ይላሉ። እባክዎን አክስቴ፣ እንዳይልኩልኝ።

ሌላ ዕቃ ሲኖር በኤልፒዲዮ ስም ይላኩ። አብሮኝ የሚኖር ሰው ነው፤ ከወንዝ ማዶ፣ ከባላሳን። የፖስታ ሣጥን ያለው እሱ ነው። ጋሼ ነው የምለው። መሬቱን ሸጦ ነው እዚህ የመጣው፤ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ በእንግሊዝኛው ፈተና ምክንያት ቋሚው ወረቀት ሁለት ጊዜ ተመልሶበታል።

አናሊንን ግንባሯን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ክሪሳንቶ


ቡላናይ፣ ማርች 14 ቀን 2004

ክሪሳንቶ ልጄ፣

ጻድቁ ሳን ሮኬ ከክፉ ይጠብቅህ፤ የማይለየው ውሻውም በርህ ላይ ይተኛልህ። ደብዳቤህ በሃያ ሁለት ቀኗ ደረሰች። የምታነብልኝ አናሊን ናት፤ የምጽፈው ግን እኔው ነኝ፣ ፊደሌ የተንጋደደ እንደሆነ ጠረጴዛውን ውቀስ። ስልክ ግዢ እያሉ የሚነዘንዙኝ አሉ። እዚህ ተራራ ላይ ስልክ የሚሠራው ኮኮናት ዛፍ ላይ ለወጣ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ዛፍ አልወጣም።

አናሊን የሻወሩ ነገር ላይ ስትደርስ ቆመች። «አያቴ፣ አባዬ በቀን ሁለቴ ይታጠባል? እዚህ እያለ እኮ በሳምንት ሁለቴም በስንት ልመና ነበር!» አለች። ጎረቤቶቹ ሁሉ ሰምተው ስቀውብሃል።

ያልከው ገብቶኛል። ግን ስድስት ሺህ አሳማ እየጠበቀ አንዲት ቁራጭ የማይቀምስ ሰው አይቼ አላውቅም። ምን ዓይነት ቤት ነው? ገዳም ነው? አናሊን በሜይ ወር የመጀመሪያ ቁርባኗን ትቀበላለች፤ ያሳደገቻት አሳማ ያን ቀን ትታረዳለች። ልጅቷ ከራሷ ሳህን ሩዝ እያካፈለች ነው ያሳደገቻት። እና እንዴት ልናደርግ ነው? በዚህ ቤት አሳማ ሲታረድ ድርሻ የማይነሣለት የሞተ ሰው ብቻ መሆኑን ታውቃለህ። አጎትህ ማኒላ በታሰረ ጊዜ አራት ዓመት ሙሉ ድርሻውን በጨው አስቀምጬለታለሁ። ሲፈታ መጥቶ በላ፣ አጥንቱንም እንደ ወጋችን በገዛ እጁ ጋጣው ጥግ ቀበረ። በዓመቱ ያቺ ጋጣ አሥራ አራት ግልገል አወጣች።

አስብበት። እኔም አስብበታለሁ።

አክስትህ ሬሜዲዮስ


ቢንዶራ፣ ኤፕሪል 25 ቀን 2004

ውድ አክስቴ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ከደጃፍዎ እስከ ጋጣው ድረስ ይሙላ። አያስቡበት። እባክዎን። ስለ ሥጋው ማለቴ ነው።

ጋሼ ኤልፒዲዮ ሥራውን እያስተማረኝ ነው። «ስማ አንተ፣ እናት አሳማ ስትጠጋ እንደ ፖሊስ አትጠጋት። እንደ አማች ተጠጋት። ጎንበስ ብለህ፣ ትንሽ ፈራ ብለህ» ይለኛል። ማታ ሩዝ የሚቀቅለው እሱ ነው፤ የኔን ሩዝ «ይሄ እኮ የግድግዳ ልስን ነው» ብሎ ከልክሎኛል።

ሚስተር ሃድሪክ አይጮህም። ሲጮህ ብሰማው ይቀለኝ ነበር። ከኋላዬ መጥቶ ይቆማል፤ ሲመጣ አልሰማውም።

«ክሪሳንቶ፣ ደስተኛ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ጥሩ። ደስተኛ ሰው ጥሎኝ አይሄድም።»

ይህን ለጋሼ ስነግረው ሳቀ። «ጥያቄውም የሱ፣ መልሱም የሱ። አንተ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» አለኝ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ምጣዱን ማጠብ ጀመረ። የታጠበ ምጣድ ነበር።

ፓስፖርታችን ቢሮው ውስጥ በብረት ሣጥን ተቆልፏል። ለደኅንነቱ ነው ተብሏል። ቁልፉ የሚንጠለጠለው ሚስተር ሃድሪክ ወገብ ላይ ነው፤ ሲራመድ ግን ድምፅ አይሰጥም።

ለቁርባን ልብሷ የሚበቃ ገንዘብ ልኬያለሁ። ነጭ ይሁን፣ እጅጌው ረጅም።

ልጅዎ ክሪሳንቶ


ቡላናይ፣ ጁን 2 ቀን 2004

ልጄ ክሪሳንቶ፣

የተባረክ ሁን፤ ዛሬ የምጽፍልህ ደስ ብሎኝ ነው። አናሊን ቆረበች። ልብሱ ነጭ ነው፣ እጅጌው ረጅም ነው፣ በሰልፉ መካከል ግን አንዱን ጫማ ጭቃ ዋጠባትና በአንድ እግሯ እያነከሰች ጨረሰች። ቄሱ ሳቃቸውን በመጽሐፍ ሸፈኑት።

አሳማዋ ስትታረድ አላለቀሰችም። ድርሻውን በኮኮናት ቅጠል ላይ በየስሙ የደረደረችው እሷ ናት። ያንተ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። «የአባዬንስ ማን ይወስድለታል?»

ምን ልበላት? ሞቷል ልበላት?

የጎን አጥንት ነው፤ ሥጋው ሳይላቀቅ በጨውና በኮምጣጤ ነክሬ ሦስት ቀን ፀሐይ አሳየሁት። አናሊን የጨርቅ አሻንጉሊት ሰፋችልህ፤ ሆዷን ስትተረትር ታገኘዋለህ። ፖስታ ቤት አሻንጉሊት ብለን አስመዘገብን፤ እንዳልከኝም በኤልፒዲዮ ስም ላክሁት።

ደንባችሁን አልረሳሁም። ደንባችሁ የሚያወራው ግን ከውጭ ስለሚገባ አሳማ ነው። ይህቺ የውጭ አይደለችም። ልጅህ ናት ያበላቻት። የገዛ ቤትህን ሥጋ ከውጭ የመጣ የሚልህ ሰው ካለ፣ አንተን ምን ሊልህ እንደሆነ አስብበት።

አክስትህ ሬሜዲዮስ


ቢንዶራ፣ ኦገስት 1 ቀን 2004

ውድ አክስቴ፣

በእጅዎ የነካኩት ሁሉ ይባረክ። አሻንጉሊቷ ደረሰች።

ሦስት ቀን ሆዷን አልነካሁም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኋትና ዓይን ለዓይን ተያየን። አናሊን ዓይኖቿን አንዱን ከአንዱ አስበልጣ ሰፍታታለች፣ እና ትልቁ ዓይን ይከተለኝ ነበር። ልጥላት ብዬ ተነሣሁ። የቆሻሻውን በርሜል ክዳን ከፈትሁ። ድርሻዬን እንዴት ልጣል? በአራተኛው ቀን ተረተርኋት።

ሽታው! ቤቱ በአንድ ጊዜ ቡላናይ ሆነ። እየጠበስሁ ሳለ ጋሼ ኤልፒዲዮ ከሱቅ መጣ።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ዓሣ ነው።»

«ዓሣ? እኔን? አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ የባላሳን ሰው ነኝ!»

በሩን ቆለፈ፣ መጋረጃውን ሳበ፣ ተቀመጠ። በእጃችን በላን። «ደንብ አፍራሽ ሆንክ አይደል?» እያለ ይሰድበኝና ይቆርሳል። መጨረሻ ላይ ጣቱን ላሰና «እንግዲህ ማስረጃው ሆዳችን ውስጥ ነው፤ ሃድሪክ ይምጣና ይፈትሸን» አለ። እዚህ ከመጣሁ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

ሌላም ነገር አለ። ለሱ አልነገርሁትም፤ ለእርስዎ ግን እነግርዎታለሁ፣ ደስ እንዲልዎት። የጎኑን ጫፍ፣ ትንሿን አጥንት፣ ደብቄ አስቀመጥሁ። በማግሥቱ ጉንጬ ውስጥ ይዣት ገባሁ። ራቁቴን ታጠብሁ፣ ፀጉሬን አሸሁ፣ አጥንቷ ጥርሴ አጠገብ ነበረች። በሌላው በር ስወጣ ሚስተር ሃድሪክ ቆሟል። «እንዴት አደርክ?» አለኝ። አፌን መክፈት አልቻልሁም፣ በራሴ ብቻ መለስሁለት። አየኝ። አለፈ።

አራተኛው ጋጣ ወለሉ አፈር ነው፣ እርጉዞቹ በገለባ ላይ የሚተኙበት። እዚያ ጥግ ላይ ቀበርኋት። እንደ ወጋችን፣ በገዛ እጄ። ይህ ቦታ እንዲያውቀኝ። ወረቀቴ እንዲወጣ፣ አናሊን እንድትመጣ። ሞኝነት ነው ይሉኝ ይሆናል። አይሉኝም፣ አውቃለሁ።

ልጅዎ ክሪሳንቶ


ቢንዶራ፣ ኦገስት 29 ቀን 2004

ውድ አክስቴ፣

ጤናዎን ያብዛልኝ። መልስዎን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው።

አራተኛው ጋጣ ውስጥ ያሉት መብላት አቁመዋል። መጀመሪያ አንዷ። በማግሥቱ ዘጠኝ። ጆሯቸው ይቀላል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች ከከተማ መጥተው ደም ወሰዱ። ገለባውን በአካፋ ሳይሆን በእጃቸው ነው የሚፈትሹት፤ ቀስ ብለው፣ ቅማል እንደሚፈልግ ሰው።

የአሳማ በሽታ ከየትም ይመጣል። ከወፍ ይመጣል። ከመኪና ጎማ ይመጣል።

የኦገስት አንዱን ደብዳቤዬን ያቃጥሉልኝ። ዛሬውኑ። ለማንም አይነበብ። አናሊን፣ ይህን የምታነቢው አንቺ ከሆንሽ ይህን መስመር ዝለዪው።

ክሪሳንቶ


ቡላናይ፣ ኦክቶበር 10 ቀን 2004

ልጄ፣

ጌታ ልብህን ያሳርፍልህ። የዘገየሁት ዝናቡ ድልድዩን ስለወሰደው ነው። አሁን ወደ ከተማ የሚወርድ ሰው ወገቡ ድረስ እየተነከረ ነው የሚሻገረው።

አናሊን መስመሩን አልዘለለችውም። «አያቴ፣ ዝለዪው ይላል፤ ሳላነበው እንዴት አውቄ ልዝለለው?» አለች። እውነቷን ነው።

ስለ ማቃጠሉ። ደብዳቤዎችህን የምታስቀምጠው በብስኩት ጣሳ ነው። አምጪው ስላት ጣሳዋን አቅፋ ከአልጋው ሥር ገባች። እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። ከልጅ እቅፍ ላይ የአባቷን እጅ ጽሑፍ ነጥቄ እሳት ውስጥ ልክተት? ያን የማደርግበት ጉልበት የለኝም። ይልቅ ምን እንደምትፈራ ንገረኝ። እኛም ከዚያችው ሥጋ በልተናል፤ ማንም አልታመመም። ጋጣችንም ደህና ነው።

የጎረቤታችን የፊደንሲዮ ሁለት አሳማዎች በጁላይ መሞታቸውን ጽፌልህ ነበር? አልጻፍሁልህም መሰለኝ። ጆሯቸው ጠቁሮ ነበር።

አክስትህ ሬሜዲዮስ


ቢንዶራ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2004

ለክብርት አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ። እኔ ደህና ነኝ። የአራተኛውና የአምስተኛው ጋጣ አሳማዎች ተወግደዋል፤ ጉድጓዱን የቆፈርነው እኛ ነን። በሽታው ምን እንደሆነ አልነገሩንም። ምናልባት እነሱም አላወቁት ይሆናል። አሁን ጸጥ ብሏል። ጸጥታው እስከ ቤታችን ይሰማል።

ጋሼ ኤልፒዲዮ ከእርባታው ባለቤት ጋር ባለመስማማቱ ወደ አገር ይመለሳል። ሊጠይቃችሁ ይመጣ ይሆናል። መልካም ሰው ነው፣ ሩዝ ስጡት። ስለ ዕቃ ግን አታንሡበት። ስለ ደብዳቤም። ስለኔ ከጠየቀ ብዙ አይጽፍም በሉት።

አሻንጉሊቷን ይዟት ይመጣል። ራሱ ነው የጠየቀኝ። «ልጅቷ ትጫወትባት፤ አንተ ምን ታደርጋታለህ?» አለኝ።

በዚህ ወር ገንዘቡን እጥፍ አድርጌዋለሁ። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ።

የመጨረሻ ልመናዬ ይህ ነው። ከእንግዲህ ድርሻ አያንሡልኝ። ምንም ይታረድ፣ ለምንም በዓል። ድርሻ የለኝም። ይህን ለአናሊንም ይንገሯት።

ክሪሳንቶ


ቡላናይ፣ ጃኑዋሪ 9 ቀን 2005

ክሪሳንቶ፣

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልህ።

ኤልፒዲዮ ከገና በኋላ በሦስተኛው ቀን መጣ። ከሲታ ነው፤ አንተ ስለሱ ስትጽፍ ወፍራም ሰው ይመስለኝ ነበር። አንድ የእጅ ቦርሳና አሻንጉሊቷን ይዞ በር ላይ ቆመ። «እትዬ ሬሜዲዮስ፣ የክሪሳንቶን ቤት ጥብሱ ሳይሸተኝ ሰው ጠይቄ አገኘሁት፤ አፍንጫዬ ስንፍና ጀመረ» አለኝ። ሳቅሁ። ሩዝ አቀረብሁለት፣ በደረቅ ዓሣ። እንዳልከኝ ስለ ዕቃ አላነሣሁበትም።

አናሊን ግን ታውቃታለህ። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሲገኝ የአባቷን ደብዳቤ ታነብለታለች፤ ለመምህሯም፣ ለቄሱም እንዲሁ ታደርጋለች። ኩራቷ ነው። ማድ ቤት ሆኜ ድምፅዋን እሰማለሁ። የሻወሩን አነበበች፣ ሳቀ። የግድግዳ ልስኑን አነበበች፣ «እውነቱን ነው፣ መስክሪ ካልሽኝ እመሰክራለሁ» አለ። የዓሣው ጋ ስትደርስ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ከዚያ የጉንጩ ጋ ደረሰች።

እየሮጥሁ ወጣሁ። በኔ ጉልበት መሮጥ ከተባለ።

አልሳቀም። «ይቺን ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት። «አንድ ጊዜ ደግሞ፣ የኔ ልጅ። ቀስ ብለሽ።» ቀስ ብላ አነበበችለት፤ ራቁቴን ታጠብሁ፣ ፀጉሬን አሸሁ። አመሰገናት፤ ውኃ አምጪልኝ ብሎ ወደ ምንጩ ላካት።

ከዚያ የነገረኝን እንደነገረኝ እጽፍልሃለሁ። አጥንቷን ከጋጣው ገለባ ሥር አገኟት። ቤታችሁን ሲፈትሹ አሻንጉሊቷን ሆዷ ተተርትሮ፣ የመጣችበትንም ካርቶን አገኙ። በካርቶኑ ላይ ያለው ስም የሱ ነው። «ይህ የማነው?» ሲባል አንተ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ታይ ነበር። እሱም አብሬ በልቻለሁና ለሥጋው እኔው ልጠየቅ፣ ክሪሳንቶ ልጅ አለችው ብሎ «የኔ ነው» አለ። ለሥጋው ብቻ መስሎት ነበር። አጥንቷን ጨምረው ጫኑበት። ፊርማው ያን ቀን ተነሣ።

«ማታውን ጠየቅሁት፣ እትዬ። አጥንቷን ያስገባህ አንተ ነህ ወይ አልሁት። አይደለሁም አለኝ። ማል አልሁት።»

«ማለ?» አልሁት።

«በአናሊን ይሁንብኝ አለ።»

ልጅቷ ውኃውን ይዛ ተመለሰች። ጠጣ። አሻንጉሊቷን ሰጣት። ሆዷን በጥቁር ክር መልሶ ሰፍቶታል፤ ስፌቱ ጥሩ ነው።

መሬት የለውም፤ ለጉዞው ሸጦታል። በሩዝ ጎተራው እንዲያድር ፈቀድሁለት። ከሄደ ይሻለኝ እንደሆነ አላውቅም። ጋጣውን እየጠገነልኝ ነው።

አክስትህ


ቢንዶራ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2005

ለክብርት አክስቴ፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ስሜ ቀርቦ ተቀባይነት አግኝቷል። ሚስተር ሃድሪክ ቢሮው ጠርቶ እጄን ጨበጠኝ። «በዚያ ሁሉ ጊዜ ያልዋሸኸኝ አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። እጄን ቶሎ አልለቀቀውም።

በዚህ ፖስታ ውስጥ የአናሊን ቅጽ አለ። አሳዳጊዋ እርስዎ ስለሆኑ መስቀል ምልክት ካደረግሁበት ላይ ይፈርሙ። ዋናው፣ በእጅ የተፈረመው፣ እስከ ሜይ 30 ድረስ እዚህ መድረስ አለበት። ካልደረሰ እሷ ከፋይሉ ትወጣለች፤ እንደገና ለመጠየቅ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

የጻፉልኝን አንብቤዋለሁ። ስለሱ በሌላ ጊዜ። አሁን ቅጹ። መጀመሪያ ቅጹ።

ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። በኤልፒዲዮ አልጋ የሚተኛ ሰው በሚመጣው ወር ይመጣል ይላሉ፤ እስከዚያው በሩን ዘግቼዋለሁ። ማታ ሩዝ እቀቅላለሁ። ልስን ነው።

ቅጹን እርስዎ ራስዎ ፖስታ ቤት ያድርሱት። በሰው እጅ አይስጡት።

ክሪሳንቶ


ቡላናይ፣ ሜይ 16 ቀን 2005

ክሪሳንቶ ልጄ፣

ባለህበት ሁሉ ሰው አያሳጣህ።

ቅጹ በማርች አጋማሽ ደረሰኝ፤ በዚያው ቀን ፈረምሁበት። ልጅን ከአባቷ ልለይ የምፈልግ ሴት አይደለሁም፤ ሳትሄድ አብራኝ ብትቆይ ደስ እንደሚለኝ ግን አልደብቅህም። ራሴ ላደርሰው ተነሣሁ። ድልድዩ አልተሠራም። ወንዙ ጉልበቴ ድረስ ሲመጣ ተመለስሁ። አናሊንን አልክም፤ ውኃው ለሷ አንገቷ ድረስ ነው። ከዚህ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ከተማ የሚወርድ አንድ ሰው ብቻ አለ።

ምን እንደሆነ ሳልደብቅ ነገርሁት። «የልጅቷ ወረቀት ነው፤ እስከ ሜይ መጨረሻ መድረስ አለበት» አልሁት። በፕላስቲክ ጠቅልሎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። «እሺ እትዬ» አለ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ተመለሰ። «ሰልፍ ነበር» አለኝ። በሁለተኛው ቅዳሜ፣ «ቴምብር አልቋል አሉ።» በሦስተኛው ሰልፍ። በአራተኛው ምክንያት አልሰጠኝም፣ ከዚያ ወዲህም እኔ አልጠየቅሁትም። ፖስታው ኪሱ ውስጥ ይታያል፤ ሲያጎነብስ በእጁ ይደግፈዋል። መልሰህ ስጠኝ ልለው አፌን እከፍታለሁ። ከዚያ በልጅቷ የማልከው መሐላ ትዝ ይለኛል፣ አፌን እዘጋለሁ። በምን አፍ ልጠይቀው? ላንተው ብዬ ነው? የላክሁብህ ሥጋ የኔ ነው፣ የተባረረው እሱ ነው። ክፉ ቃል ተናግሮን አያውቅም። አናሊንን ማባዛት አስተምሯታል። ጋጣው እንደ አዲስ ሆኗል።

ትናንት የሳን ኢሲድሮ በዓል ነበር፣ አረድን። ድርሻውን የደረደረችው አናሊን ናት፤ ዘንድሮ ስም ሳትጠይቀኝ ሁሉንም በቃሏ ታውቀዋለች። የቄሱ፣ የፊደንሲዮ፣ የመምህሯ፣ የአጎትህ። አንድ ቅጠል ተረፋት። ይዛው ቆመች።

«አባዬ ከእንግዲህ አታንሡልኝ ብሏል፣ አይደል?»

ብሏል አልኋት። ያልከውን ነው የነገርኋት።

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሄዳ ቅጠሉን ጎተራው በር ላይ ለተቀመጠው ሰው ሰጠችው። ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበላት። በላ። አጥንቱን ጋጣው ጥግ ወስዶ ቀበረ፣ አፈሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፤ እሷም አጠገቡ ቁጢጥ ብላ አየችው።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ሜይ 30 አልፎ ይሆናል። ይህንንም የሚያወርደው እሱ ነው፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ ደብዳቤውንና ቅጹን አንድ ላይ እወስዳለሁ ብሎኛል። ይህችኛዋ እንደምትደርስህ አልጠራጠርም።

አክስትህ ሬሜዲዮስ